ላሚቱ አልፈረመችም

ደላላው ምንውየለት ሜዳው መሀል ቆሞ፣
አየሩን ሸጠልኝ ከመሬቱ ቀድሞ።
«ተንፍሺው፣ እህቴ፣ ሳቢው እስኪ ወደ ውስጥ፣
ሱሉልታ ነው ይሄ፣ ሳንባ የሚለውጥ፤
እንጦጦ ከልሎት ጩኸት አይሻገርም፣
ከእንቁራሪት በቀር ማንም አይናገርም።»
«ጅብስ?» ብዬ ጠየቅሁት።
ሳቀና፣ «እህቴ፣
ጅብ ኪራይ አይጨምርም!» አለኝ።
አሸነፈኝ፣ በሞቴ።

ሃያ ሁለት ዓመት አስራ አንድ ቤት ቀየርሁ፣
ሾላ፣ ኮተቤ፣ ኮልፌ፣ ፍራሼን አዞርሁ።
አንዷ አከራዬማ፣ እትዬ ዘርትሁን፣
ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ያጠፋሉ አምፖሉን፤
ውሃ ስቀዳማ ከመስኮት ያያሉ፣
ስንት ጆግ እንደሆን በከንፈር ይቆጥራሉ።

እቁብ ጣልሁ። ተበደርሁ። የእናቴን ድሪ ሸጥሁ።
መቶ ሰባ ካሬ፣ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ጨበጥሁ።
«ገዛሁት» እላለሁ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ፤
ዝናብ ጥሎ ሲያፈስ፣ ድስት ስደረድር ግን፣
ማን ማንን እንደገዛ ጣሪያው ነው የሚያሳውቀኝ።

ሻጩ ኦቦ ጉርሜሳ ውሉ ሲነበብ
ወደ መስኮት ዞረው ዝናቡን ያዩ ነበር።
ሦስት ምስክር ቀርቦ፣ ተዘርግቶ ካርታ፣
ቀለም የነካ አውራ ጣት ወረቀቱን መታ።
ከዚያ ጣታቸውን አዩት፣ በጋቢ ጫፍ ጠረጉት፣
ቀለሙ አልለቅ ሲል ኪሳቸው ውስጥ ሸሸጉት።

የመጀመሪያው ሌሊት አልተኛሁም ከቶ፣
ዝምታው ከብዶብኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ፤
የጎረቤቴን ሳል፣ የወፍጮውን ትርታ
ስናፍቅ አነጋሁ፣ የረዳቱን ጫጫታ።
ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ተነፈሰ፤
ከደጄ ሥር፣ በርጋታ፤ ጉልበቴ ፈሰሰ።
ዘነዘና ይዤ በሩን ገርበብ ባደርገው፣
ላም ናት፣ ግንባረ ቦቃ፤ ጉሙን ነው የምታመነዥገው።
ተመለከተችኝ፣ እንግዳ እንደመጣባት፣
ሳላንኳኳ ሳልጠይቅ በሯን እንደከፈትሁባት።

ገመድ እንደያዙ ደረሱ ኦቦ ጉርሜሳ፣
ቦቲያቸው ጭቃ ለብሶ፣ አይናቸው ከመሬት ሳይነሳ።
«ስድስት ክረምት ሙሉ እዚች ጥግ ነው ያደረች፤
አዲሱን በረት አሳየኋት፣ አሽትታው ተመለሰች።
ጣቴን ሰጠሁ እኔ፤ ቦቄ መች ፈረመች?»
ሌላ ቀን፣ ሳልጠይቅ፣ «ብሩ ባጃጅ ሆነ ለልጄ፤
ባጃጁም ጋራዥ ተኝቷል» አሉኝ፣ «ይኸው ገመዱ ቀረ በእጄ።»

በወሩ አጥር አሳጠርሁ፣ ብሎኬት፣ ላዩ ሽቦ።
ግንበኛው ኤርሚያስ ቆመ፣ ማንጠልጠያ ይዞ ግራ ገብቶት፦
«እዚህ ጋ ምን ልሥራ?»
«ተወው፣ ክፍት ይሁን።»
«ሌባ ይገባል እኮ!»
«ላም ናት የምትገባው።»
እንደ እብድ አየኝ። ሂሳቡን ግን አልቀነሰም።
ይኸውና አጥሬ ዙሪያውን ግጥም ያለ ነው፤
እዚህች ቀዳዳ ጋ ብቻ
ቤት አይመታም።

ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ይመጣል፣ ሜትር ይዘረጋል፤
ምንውየለት ሜዳው ላይ ሌላ ሰው ያስተነፍሳል።
ከመስኮቴ ሆኜ፣ መጋረጃ ገልጬ፣ አያለሁ፣
ስንት ካሬ ዝምታ እንደቀረ በከንፈሬ እቆጥራለሁ።
እንቁራሪቶቹም ካምናው አንሰዋል።
«ጩኸቱ» እላለሁ፣ «በየት ዞሮ መጣ፣
እንጦጦን የሚያህል ተራራ ተሻግሮ?»
ከዚያ ትዝ ይለኛል የፒክአፑ ጭነት፦
እኔ ከሾፌሩ ጎን፣
ጩኸቱ ከኋላ፣
ፍራሼ ላይ ተቀምጦ።

ሊነጋጋ ሲል ቦቄ በቀዳዳዋ ትገባለች፣
ጥጓን ታሸታለች፣ ትተነፍሳለች።
ኪራይ አልጠይቃትም።
እሷም፣ እስካሁን፣
አልጠየቀችኝም።