የመጫወቻ ቦታ

ይቺን ወረቀት አውቃታለሁ፤ ገና ሳያት ነው የለየኋት።
አራት ኪሎ፣ በማታ ፈረቃ፣ እኔው ነኝ ያጠፍኋት።
ሺህ ሁለት መቶ ቅጂ፣ አብረቅራቂ፣ ባለ መቶ ሃምሳ ግራም፤
ምን እንደምትል አላየሁም፣ አጣፊ ሰው አያነብም፤
ጠርዝ ከጠርዝ ያጋጥማል፣
ጥፍሩን ይጎትትባታል፣
ወደ ክምሩ ይጥላል።

ዛሬ ልጄ ይዛት ገባች፣ ላብ ባራሰው ደብተሯ ውስጥ፦
«የልጃገረዶች እግር ኳስ አካዳሚ፣ ለምርጦች የሚመረጥ።»

ሐሴት አሥራ ሁለት ሞላት። ግራ እግሯ ነው ነገረኛ፤
የቆርቆሮ በር አጉብጣለች፤ የጎረቤት መስኮት እኛ
ከፍለን የጨረስነው ባለፈው ወር ነው።

አባቷ፦ «ትሂድ! መብራቱ ሌሊቱን ቀን ያስመስላል፣
አውቶቡስ አለው፣ ሐኪም አለው፤ እኛ ጋ ምን ይገኛል?»
እህቴ፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል።»
እኔ ዝም። ዐይኔ ከሦስተኛው እጥፋት አልነሣ ብሏል፤
ከተጠባባቂዎች ወንበር፣ ከዳር፣ አንዲት ልጅ አለች፣
ግማሽ ፊቷን መቁረጫው በልቶታል፣
አንድ ዐይን ብቻ ቀርቶላታል።

ቢላዋው አልተሳሳተም። ልኩ እዚያ ነበር።
ከዳር ያስቀመጣት ሌላ ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር፣ የባሌን ሰዓት አሥሬ፣
ከስታዲየሙ ወዲያ፣ ከሽቦ አጥሩ ተገትሬ፣
ያገቡትን ሳይሆን የተቀመጡትን ቆጠርኩ፦
ከሃያ ስድስት ልጅ፣ ዘጠኝ።
ቢጫ ሰደርያ ያጠለቀች አንዲት ቀጭን፣
ከሰባ አምስት ደቂቃ ውስጥ የተጫወተችው አራቱን።
ካልሲዋን ስባ ስባ ሲሰለቻት፣ ሣር ልትነጭ ሞከረች፤
ሣሩ ፕላስቲክ ነው። ጣቷን አየችና ተወች።

ግን የገቡት! ምን ልዋሽ?
ኳስ እግራቸው ሥር ገብታ እንደ ድመት ትተሻሻለች፣
አንዷ ዞራ ሳታይ እንኳ ለሌላዋ ትሰጣለች፤
አሰልጣኙ ተንበርክኮ የአንዲቷን ቁርጭምጭሚት
በሁለት ጣት፣ እንደ ቁልፍ፣ ትንሽ ወደ ውጭ ሲያዞራት
«ይሄን ልጄ ባየችው» አልኩ።
ቀናሁ።
ዋጋ ጠየቅኩ፤ የወር ማታዬን በሙሉ ጠሩልኝ።

ሰኞ ፒያሳ ወጣሁ።
መሠለች፣ የልጄ አሰልጣኝ፣ መኪና ማቆሚያ ትሠራለች፤
የቲኬት ቦርሳዋን ሳታወልቅ ፊሽካዋን ትነፋለች።
ሜዳዋ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት፤
ኳሷ ሦስቴ የተሰፋች፣ በግራ ካመለጠች ቱቦ ውስጥ ናት።
የሐሴት ግራ እግር የሠለጠነው ኳስ ከቱቦ አፍ በመመለስ ነው፤
ይሄን ማንም በወረቀት አላተመው።
እዚያ ሁሉም ትጫወታለች፤ ጉንፋን የያዛትም፣ ታናሽ ወንድሟን ያዘለችም።
ባለፈው ሳምንት ግን ዙሪያውን ቆርቆሮ ታጠረበት፣
ቀይ ቁጥርም ተጻፈበት።

«እኔ ጋ» አለችኝ፣ ለአንድ ላዳ መልስ እየቆጠረች፣
«ሁሉም ይጫወታሉ፤ የሚያያቸው የለም።
እዚያ የሚያይ ሞልቷል፤ የምትጫወተው ጥቂት ናት።
እናቷ አንቺ ነሽ፣ እኔን አትጠይቂኝ።»
ደሞ ትንሽ ቆይታ፣ ፊቷን ወደ መኪኖቹ መልሳ፣
«ግራ እግሯን እንዳይነኩባት ንገሪያቸው።»

ማታ ቅጹን ሞላሁ። ስም። ዕድሜ። የደም ዓይነት።
«የመጫወቻ ቦታ» ይላል፤ እኔም ጻፍኩበት፦
«ፒያሳ፣ ከቀበሌው ጀርባ፣ ቱቦው አጠገብ።»
ሐሴት ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ እስኪያስነጥሳት ሳቀች፦
«እማ! አጥቂ ነሽ ተከላካይ ማለቱ እኮ ነው!»
ልሰርዘው ስል እጄን ያዘች፤
አሰብ አድርጋ፣ ከሥሩ፣ በትንሹ፣ «ግራ» ብላ ጨመረች።

ነገ ይዤው እሄድ እንደሆን እንጃ።
ሦስት ቦታ አጠፍኩት፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ ጥፍሬን ጎትቼ፤
እጄ ሌላ አስተጣጠፍ አያውቅም።