ማብሪያው በግራ ነበር

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከዲንቂቱ ግቢ፣
አንዲት ኪራይ ክፍል፣ አቧራ ሰብሳቢ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስረግማት ኖሬ፣
እሰይ ብዬ ወጣሁ ኮተቴን ቋጥሬ።

አሁን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤
መስኮቱ ይገጥማል፣ የአዳማ ነፋስ እንኳ ፈልጎ አያገኘኝ።
ሴራሚኩ ያበራል፣ ቧንቧው አያንጠባጥብ፤
"ምን ቀረሽ?" ይሉኛል ሰዎች፣ "ምንም" እላለሁ፣ ከልብ።

ግን ማታ፣ በጨለማ፣ በሬን ከፍቼ ስገባ፣
እጄ የግራውን ግድግዳ ይዳብሳል፣ ማብሪያ ፍለጋ፣ እንደ ሌባ።
ማብሪያው በቀኝ ነው።
እኔ አውቃለሁ። እጄን ግን ማን ይንገረው?
ያችን ክፍል ሰውሮ ይዟት ወጥቷል፣
ከብርድ ልብሱና ከድስቱ መሀል፣ እኔ ሳላየው።

እማማ ዲንቂቱ ትዝ ይሉኛል፤
ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ፣
ሐዲዱ ጋ ቀጥ ይላሉ፣ ዙሪያቸው በአቧራ ሲታመስ፤
ግራ ያያሉ፤ ቀኝ ያያሉ፤
ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ! እሳቸው ግን ያሳልፋሉ።
"ኧረ እማማ፣ ምን መጣ ብለው?" ብዬ ስቄ ነበር ያኔ፤
"አንገቴን ጠይቂው" አሉኝ፣
"እሱ ነው የሚያውቅ፣ ልጄ፣ አይደለሁም እኔ።"

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ፋርማሲውን ቆልፌ ስወጣ፣
"ወዴት ነሽ?" አለኝ የባጃጁ ልጅ፤
መልሱ ሳላስበው መጣ፦
"ሐዲዱ ማዶ።"
አላረምኩትም። ብሩን ሰጥቼው ወረድኩ፤
ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ የቀረ ብድር እንዳለው ሰው ተገተርኩ።

አዲሷ ተከራይ መጣች፤ ልጅ እግር፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ፤
ቁልፉን አዞረች፤ በሩን በጉልበቷ ደግፋ
ከፍ አድርጋ ገፋች።
ልክ እንደኔ።
ማንም አልነገራትም።
ያ ወልጋዳ በር ራሱ ነው ያስተማራት፣
እኔንም እንዳስተማረኝ፣ የክርኔን ቆዳ እየላጠ።
ከዚያ በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ...
ሁለት ሳልል በራ።
በግራ እጇ ነው። አወቅኩት።
ቀናሁ።
በምን? በዝገት፣ በሙቀት፣ በሚያፈስ ጣሪያ፣
ስሜ በየትኛውም ወረቀት ላይ በሌለበት ግድግዳ።

ስመለስ በእግሬ ነበር። ሐዲዱ ጋ ስደርስ
ቆምኩ።
ግራዬን አየሁ። ቀኜን አየሁ።
ምንም አልመጣም።
እስኪያልፍ ጠበቅሁ።