ማሳ

በኤል አልቶ ንጋት፣ አየሩ ሳስቶ፣
የባልዲው ውሃ እንኳ እንደ ሞራ ረግቶ፣
ኤውስታኪዮ ቁልፉን በትንፋሹ አሙቆ
ያዞራል። ኧኽ… ኧኽ… ይላል ሞተር ታንቆ።

“ባትሪው ነው” አሉት፤ የዕቁቡን አወጣ፣
አሮጌው ተሽጦ አዲስ ባትሪ መጣ።
ኧኽ።
“ካንዴላ ነው” አሉት፤ አራቱን ለወጠ።
ኧኽ።
“ብርዱ ነው” አሉት፤ ብርድን ማን ለወጠ?

አይብ የቋጠሩ ሴቶች፣ ባርኔጣ የደፉ፣
ሒሳብ ከፍለው ገብተው፣ ወርደው እየገፉ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ በቁልቁለት አለፉ።

በአራተኛው ሳምንት ሰቪሪና መጣች፣
ጓንቷ ግራሶ ጠጥቶ፤ መፍቻም አላወጣች።
“መብራትህን አብራ” አለች። “አሁን አስነሣ።”
ሞተሩ ኧኽ አለ። መብራቱ ግን አልሳሳ።

ጓንቷን አወለቀች። ከኮፈኑ በታች
ገመዱን ተከትላ በባዶ እጇ ዳሰሰች፤
በዚያ ሁሉ ውርጭ ውስጥ፣ ብረቱ ሁሉ በድን፣
አንድ ብሎን ይፋጃል። “ያዝኩት” አለች፣ “ሌባውን።

ማሳው ነው። ከባትሪ የወጣው ኤሌክትሪክ
መመለሻ አጥቶ ነው ደጅ የሚንበረከክ።”
እውነትም ማሳውን አረም ወርሶት ነበር፣ አረንጓዴ ዝገት፤
በብርጭቆ ወረቀት አረመችው ጥቂት፣
ብሎኑን አጠበቀች።

ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርገው
ሚኒባሱ ተንቀጠቀጠ፣
ከጣሪያው ላይ በረዶ ተፈረፈረ።
ኧኽ የለም።

“አሮጌው ባትሪስ?” አለች፣ እጇን እየጠረገች።
“ለአማቼ ሸጥኩት። በግማሽ ዋጋ።”
ዝም ተባባሉ።
ከታችኛው መንደር
የአማቹ መኪና በአንድ ዙር ተነሣች።