ታንኳ ሲደክመው

አልጋ ሰባት። ስም፦ ኑርሁሴን።
ዕድሜ? «ሐይቁን ጠይቂው» አሉኝ፣
ሳላቸውን ከሣቃቸው ጋር እየቀላቀሉብኝ።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ
የቃረምኳቸው ቃላት በእንግሊዝኛ ሁሉ።
ልብን ከነጓዳው፣ ከነበሩ፣ ከነመዝጊያው
በሰው አፍ አውቀዋለሁ፤
በእናቴ አፍ ግን ደጅ ቆሜያለሁ፤ ቁልፉ ወዴት ነው?

«ምን ይሰማዎታል? ይወጋል? ይጠዘጥዛል?
ወይስ ይፋጃል፣ ይቆረጥማል?»
ለየሕመሙ ዓይነት አቻ ቃሉን ለቅሜ፣
ስክሪፕቶ ደግኜ ቆሜ።
እሳቸው እቴ!
ጣናን በመስኮቱ ባገጫቸው እያሳዩኝ፣
«ደንገሉ ውሃ ጠጣ» አሉኝ።

«አዲስ ታንኳ ላባ ነው፤ ሲሰነብት ይከብዳል።
አልተቀደደ፣ አልተሰበረ፤ ዝም ብሎ ይጠጣል።
ይጠጣል፣ ይጠጣል፣
ከንፈሩ ከውሃው እስኪተካከል።
እግሬን እዪው እስኪ።»
በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤
ጎድጉዶ ቀረ፣ የዳር ጭቃ እንደረገጥኩት።

«ሲተኙስ?»
«ስተኛማ ሐይቁ መጥቶ ደረቴ ላይ ይጋደማል።
እንግዲህ ተቀምጬ ይነጋል።
ሰው ሲደክመው ይተኛል፤
ታንኳ ሲደክመው ግን ዛፍ ተደግፎ ይቆማል።»

ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ነጭ ጋዋን ዙሪያውን፣
ኦርቶፕኒያውን፣ ኢዲማውን
በእንግሊዝኛ አንበለበልኩት፤ ሲኒየሩ «ጎበዝ» አለኝ።
ሐይቁ የለበትም። ታንኳው የለበትም።
ጋሽ ኑርሁሴን አፍ አፌን እያዩ፣
ካልኩት ሁሉ ስማቸውን ብቻ እየለዩ፣
በጠራሁት ቁጥር «አቤት» ይሉ ነበር።
አቤት።
አቤት።
የሚጠራቸው ግን ማንም አልነበር።

ልጃቸው ዘሃራ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ፤
«አባቴን ምንድን ነው ያመማቸው?» አለችኝ።
አምስት ዓመት ያጠናሁት ጉሮሮዬ ላይ ተንጋጋ፣
አንዱም ቃል ወጥቶ አልረጋ።
«ልባቸው ደክሟል» አልኳት።
ዓይኗ ፈጠጠ። «የአባቴ ልብ? ማዕበል ላይ ያደረ?
ጉልበት ይደክማል እንጂ ልባቸው መቼ ተሰበረ?»
አፈርኩ። ከራሳቸው ተበደርኩ፦
«ታንኳው ውሃ ጠጥቷል፤ እናደርቀዋለን» አልኩ።
«እህ» አለች፣ ሻሿን እያጠበቀች፣
«ታዲያ እንዲህ አይሉኝም?» ብላ ተነፈሰች።

በአራተኛው ቀን፣ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ከርመው፣
ቁርጭምጭሚታቸው ተመልሶ መጣ።
«ይህን ያንቺ መጽሐፍ ምን ይለዋል?»
«ኢዲማ» አልኳቸው።
እሾህ እንደሚለቅም ሰው ቃሉን በምላሳቸው አገላበጡት፤
«የሴት ስም ይመስላል» አሉና ተፉት።

ማታ በዳርቻው ስሄድ
ሁለት ታንኳ፣ ዋርካ ተደግፈው፣ ቆመው ያንጠባጥባሉ።
እንደ ግሉኮስ ጠብታ ቆጠርኳቸው፣ በደቂቃ ስንት እንደሚጥሉ።
ከሃያ በላይ ነው።
በየትኛው ቋንቋ እንደቆጠርኩ ግን
እንጃ።