ማሰሪያ ሽቦ

ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ፤
ደረቴ መሐል ላይ ስድስት ቋጠሮ ታየኝ።
አጥንት ካጥንት አጋጥሞ የተጠመዘዘ ሽቦ፣
የገዛ ሙያዬ መጣብኝ፣ በሰው እጅ ገላዬን ከብቦ።
ፌራዮ ነኝና አላስችል አለኝ፤
«ማነው ያሰረው?» አልኩ። ሐኪሙ ሳቀብኝ።
«አይከፋም» አልኩት፣ «የሦስተኛዋ ግን ጫፏ ወደ ውጭ ቀርቷል፤
እኛ ሳይት ቢሆን ደበሌ ያስፈታል።»
ሳቅሁ። ሳቄ ሰነጠቀኝ።
ትራሴን ደረቴ ላይ አቅፌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሞ ነበር አሉኝ፣ ልቤ።
አንድ ማሽን ተክቶኝ ዋለ፣ እንደ ቀን ሠራተኛ፣
ስሙ መዝገብ ያልገባ፣ ያልተከፈለው ጓደኛ።
እኔ የት ነበርኩ ያኔ?
ስንቅነሽ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። የሷ ይታወቃል።

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሠላሳ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ለሚሮጥ ልጅ ደረጃ ነው፣ ለኔ ገደል የሚያስጨንቅ።
እስከ በሩ መሄድ ራሱ አንድ ጉዞ ሆነ፤
አንድ ቀን አስር ደረጃ ወረድኩ፣ ጉልበቴ እንደ ጉም ተነነ።
ውሃ የሚያወጣልን የጎረቤት ልጅ ነው፣ ናሆም፤
«ጋሼ፣ አንተ አታንሳ» ይለኛል፣ ጀሪካኑ ከሱ ይበልጣል፤
ስንት ኩንታል ብረት በዚህ ትከሻ እንዳለፈ አያውቅም።

ጠያቂ መጣ። ብርቱካን፣ አምቦ ውሃ፣ ምክር።
«ልቡን አውጥተው አጥበው መለሱት» ሲሉ ሰማሁ በበር።
አንዱ ማር በነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ጸበል አዘዘ፤
ስንቅነሽ ሁሉን አመስግና እጇ ክኒኑን ያዘ።
የደም ማቅጠኛ፣ በየማታው፣ ከዜና በፊት።
ጎመኑም በልክ ሆነ፣ እንደ ሲሚንቶ ተሰፍሮ፤
ዛሬ አንድ ጭልፋ፣ ነገም ያችው አንድ ጭልፋ፣ ተቆጥሮ።

ሌሊት ግን ይሰማል። ቀጭ። ቀጭ።
አዲሱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።
በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዋን በነጠላ ሸፈነች፤
በሦስተኛው «ዝም ሲል ነው የምፈራው» አለች፣
ተጠጋች፣ ቆጠረች፣ እየቆጠረች ተኛች።

ጥር ሲጋመስ ወደ ሳይት ሄድኩ።
ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተውኩት ሕንፃ አምስተኛ ደርሷል፤
አንድ ምሰሶ አልጎበጠ፣ አንድ ቋጠሮ አልጎደለ፣ ያለኔ ቆሟል።
ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ?
ደበሌ አየኝ፣ ፊቱን አዞረ፣ ደግሞ ተመለሰ፤
«ብረት አትነካም» አለ። የውሃውን ጎማ እጄ ላይ ለቀቀ፦
«አርማታ እንደ ታማሚ ነው፣ ያለ ጊዜው ከጫኑት ይሰነጠቃል።»
«አውቃለሁ» አልኩት። ውሃ ማጠጣት የጀማሪ ሥራ ነው፤ እሱም ያውቃል።

አጠጣሁ። የኮዬ ነፋስ ጠብታውን ፊቴ ላይ መለሰው፤
የሲኖትራክ አቧራ ተከትሎ እርጥቡን ገላዬን አለበሰው።
ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ፒንሳ አነሳሁ።
አንዲት ስታፋ፣ አንዲት ብቻ፤ ጣቴ እንደሆን አልረሳም፣
እኔ ነኝ የረሳሁ፦
ደሜ ቀጭን መሆኑን።
የሽቦ ጫፍ ወጋኝ። ወትሮ መጥጬ የምተወው።
አልቆመም። በብረቱ ላይ ወረደ፣ ጠብ ጠብ አለ።
ታሪኩ አየኝ። ቃል ሳይተነፍስ ጣቴን በጨርቅ ጨብጦ ቁጭ አለ።
ሃያ ደቂቃ። ከሶሌታው ሥር፣ ከድጋፍ እንጨቱ መሐል፣
እጅ ለእጅ፣ እንደ ሙሽራ። ሰው ቢያየን ምን ይላል?
«አይቆምም እንዴ?» አለ በመጨረሻ። ደሙን ማለቱ ነው።
እኔ ልቤን መስሎኝ፣
«አንዴ ቆሞ ነበር» አልኩት።
ሳቅን። ትራስ አልነበረም። ያን ያህልም አላመመኝ።

ማታ «ምን ሠራህ?» አለችኝ። «ውሃ አጠጣሁ።»
የግራ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ራት በላሁ።
በጨለማ ተጠጋች፣ ቆጠረች፣ መሐል ላይ ቆም አለች፤
እጄን ፈልጋ ጨርቁን ዳበሰች። ምንም አላለች።

በማግስቱ፣ ምሳ ሰዓት፣ ፌስታሌን ስፈታ፣
ከምሳ ዕቃው ክዳን ላይ
አሮጌ የቆዳ ጓንት፤ የማን እንደነበር አልጠየቅሁም፤
የግራው አመልካች ጣት ጨርቅ ተደርቦለት
ተሰፍቷል፣ በዚያው ማታ።