የግራዋ አጥር

በአዌቱ ወንዝ ዳር፣ ከእንጨት ቤቴ ጓሮ፣
አንድ አጥር ነበረን፣ ግራዋ ተደርድሮ፤
ከወዲህ በርጩማ፣ መጋዝና መላጊያ፣
ከወዲያ ጎመኗ፣ የአዴ ሚስኪያ።

ሰባት ክረምት ሆነን፣ ከተኮራረፍን፣
ለአንድ ክንድ መሬት ነው፣ ቃል የተቆጠብን።
እኔው ነኝ ጥፋቱ፤ ሜትሬን ዘርግቼ
"አጥሩ ገፍቷል" ያልኩኝ፣ ቀበሌ ጠርቼ።
ሜትር አይዋሽም አልኩ። ሜትር ምን ያውቃል?
እንጨትም ሲደርቅ፣ ሰውም ሲደርቅ ያንሳል።

እሷ መልስ አልሰጠች። ችካል ቆራረጠች፤
በለካሁት መስመር፣ ግራዋ ተከለች።
ሲበቅል አየሁት። ደረቅ በትር ነበር፤
ሐምሌ መጣ፣ ዘነበ፤ ነሐሴ ላይ አጥር።
መራራ ነው አልኩኝ፣ ልክ እንደ ተካይዋ፤
ንቡ ግን አልሰማኝ፣ ከነጭ አበባዋ
ይመላለስ ነበር።

ከቦዬ ረግረግ፣ ትንኝ ምን ላከብኝ፣
ጥቅምት ላይ ወደቅሁ፤ ብርድ አንቀጠቀጠኝ።
ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩ፤
ሆዴ ግን እምቢ አለ፤ ፊቴን ከእህል አዞርኩ።
መጋዜ ዝም አለ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን።
እና ያ ዝምታ፣ አጥሩን አልፎ ይሆን?

አምስተኛው ማለዳ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፣
ጓሮ ተቀምጬ፣ ፀሐይዋን ቀርቤ፣
ሳለሁ፣ በዚያ በኩል፣ ቅጠል ገለል አለ፤
አንድ እጅ ወጣ ከውስጡ፣ ጣሳ ያንጠለጠለ።
ፊቷን አላየሁም፤ እጇን ብቻ አየሁ፤
ጥፍሯ ላይ የደበዘዘ፣ እንሶስላ ለየሁ።

"ኤቢቻ ነው" አለች። የሰባት ዓመት ዝምታ
በዚች ቃል ተፈታ።
"ስኳር እንዳትነካው። ትኩሱን፣ በአንዴ።
ፉት ፉት ላለ ሰውማ፣ ምሬት ያልቃል እንዴ?"

ጠጣሁት። ምላሴ፣ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ
ተጠቀለለብኝ። ዕንባዬ አሳባቂ፣
ወረደ በጉንጬ። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ፦
"እሱ ነው መድኃኒቱ። ያስለቅስ፤ አትሳቀቅ።"
ከዚያ ተራ ውሃ፣ ከቧንቧ ቀዳሁና
ጎነጨሁ፤ ጣፈጠኝ። መራሩ አለፈና።

ክኒኑ ይሁን ያዳነኝ፣ ቅጠሉ፣ አላውቅም፤
ሐኪሙም ቢጠይቀኝ፣ ምዬ አልናገርም።
የማውቀው፣ በሦስተኛው ቀን ቂጣ በላሁ፤
በአራተኛው "ጥላዬ!" ብላ ስትጠራኝ ሰማሁ።

ጣሳ ባዶውን ሰው፣ ለሰው አይመልስም፤
ምን ልጨምርበት? ቅቤም፣ ማርም የለኝም።
ዋንዛ ጠረብኩላት፣ ባለ ሦስት እግር፤
ጣሳውን ከላዩ፣ አሻገርኩ ከአጥር።

ከዚያ ወዲህ በቅጠሉ፣ ያ ቀዳዳ ቀረ፤
ስንቱ በዚያ ሾለከ፣ ስንቱ ተነገረ!
ለሆድ ቁርጠት ሦስት ቅጠል፣ ከለጋው፣ ከላይ፤
ለትኩሳት ደግሞ፣ ጤዛው ሳያይ ፀሐይ፤
ጨምቆ ለእከክ፤ ለእንስራ ማጠቢያ፤
"ለክፉ ጎረቤትም" አለች አዴ ሚስኪያ።

ዘንድሮ ግሬደር መጣ፣ መንገድ ሊያሰፋ፤
ያ ክንድ መሬታችን፣ ከነአጥሩ ጠፋ።
እሷም ወደ ልጇ፣ ወደ ሰቃ ሄደች፤
በርጩማዋን ብቻ፣ በእጇ እንደያዘች።

እኔ ከፍርስራሹ፣ አንድ በትር መዘዝኩ፤
በዘይት ቆርቆሮ፣ አፈር ሞልቼ ተከልኩ።
ክንድ ያህል ሆኗል። በዓይኔ ነው፤ አልለካሁም።
ሆዴ በጎረበጠኝ ቀን፣ ሦስት ቅጠል ቀጥፌ
አፈላለሁ። ስኳር አልነካም።
ፉት ፉት እላለሁ ግን። ይቅር ትበለኝ አዴ፤
አንዳንዱ መራራ፣ ይጨለጣል በአንዴ?