የ«ቻለ» እርባታ

ማታ ማታ ሂርማታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ቆርቆሮው ዝናብ ሲወርድበት፣ ድምፄ ከድምፁ ሲጋባ፣
እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤
አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ አምፖል፣
በካርቶን የተደፈነ አንድ መስኮት።

የዛሬው ርዕስ፦ ፈረንጅ ሲከብደው ምን ይላል?
«እንዴት ነህ?» ሲሉት፣ ጎኑ እየደማ ምን ብሎ ይመልሳል?

ከመጽሐፉ ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩ፦
«ሳህኔ ላይ ብዙ አለ።»
ከኋላ ተማም፣ የባጃጁ ልጅ፣ እጁን ሰቀለ፦
«ቲቸር፣ ሳህኑ ከሞላ ታዲያ ምን ጎደለ?»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔም ሳቅሁ፤ ምን ልበለው?
እዚህ ሞልቶ የሚያስለቅስ ሳህን አላየንም፤
ባዶውን ነው ሰው ክዳን ገጥሞ ከጎረቤት የሚሸሽገው።

ቀጠልኩ፦ «ጭንቅላቴን ከውሃ በላይ ይዣለሁ።»
ሳቁ ቆመ።
አዌቱ በዚያው ሳምንት ሞልታ
ሁለት አጥርና አንድ ጥጃ ወስዳለች ከድልድዩ በታች።
«እግሩስ?» አለች ሙፊዳ። «ምን ረግጦ ነው እግሩ?»
ገጹን ገለጥኩ፤ ስለ እግር አልተጻፈም።

«ተንጠልጥያለሁ» የሚልም አለ።
ከምን ላይ? ብሎ የጠየቀ የለም፤
ሁሉም የየራሱን ቅርንጫፍ ያየ መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ቃል አለቻቸው፣
አጭር፣ እንደ መቀርቀሪያ ቀጭ የምትል፦ ኮፕ።
«ኮፕ እያደረግሁ ነው» ይላሉ፣ እንደ ሥራ፣ እንደ ፈረቃ፣
ጠዋት ፈርመው ገብተው ማታ ፈርመው የሚወጡበት።
ያቃተውም አቃተኝ ይላል፤ ቀጠሮ ይይዛል፣
ሰዓት ተቆጥሮለት፣ ወንበር ተስቦለት ይናገራል።
ቀናሁባቸው፣ ምን ያዋሸኛል?
እኔ «አለሁ» ብዬ ነው አርባ ዓመት ያለፍኩት፤
እናቴ ስትሞት አለሁ፣ ደመወዝ ሲቀር አለሁ፤
አንድ ሰው እንኳ «የት?» ብሎኝ አያውቅም።

የእኛው ግስ አንድ ነው፤ ጭነቱ ግን ሁለት፦
መንዳት ቻለ። ስድብ ቻለ።
ማንበብ ቻለ። ሀዘን ቻለ።
«በኦሮምኛም ያው ነው» አሉ አባ ፊጣ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
«ዳንዳኤ፤ እሱም ሁለቱን ይጭናል።»

ሰሌዳው ላይ አረባሁት፦ ቻልኩ፣ ቻልሽ፣ ቻለች፣ ቻልን።
«ሙፊዳ፣ በዓረፍተ ነገር አስገቢው።»
ተነሣች። እጇ በረኪና በረኪና ይላል።
«ባሌ ከፎቅ ጣውላ ከወደቀ ሦስት ዓመቱ።
ሌሊት የሆስፒታል ወለል አጥባለሁ፣ ቀን እሱን አገላብጣለሁ።
ቻልኩ።»

ጠመኔዬን አነሳሁ፤ የትኛውን ልጻፍላት?
ሆነልኝ ማለቷ ነው?
ዋጥኩት ማለቷ ነው?
ይህን ሳስብ መብራት ሄደ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።
በጨለማው ውስጥ አባ ፊጣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
«የእግሩን ጥያቄ እኔ ልመልስ።
አራት እግር ሜዳ ይፈልጋል፤ የእኔ በርጩማ ሦስት ነው፤
አንድ ስለጎደለው ነው ጉብታ ላይ የማይወላገደው።
ገዢ ‹ሰው ይችላል?› ሲለኝ
‹ወፍራም ሰው ይችላል› እላለሁ።»

ጥቂት ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
«በርጩማውን» አለች ሙፊዳ፣ «ማን ጠይቆት ያውቃል?»

ሳቅ ጠበቅሁ፤ የሳቀ የለም።
የተማም ስልክ በራ፤ በዚያች ብርሃን የቤት ሥራ ሰጠሁ፦
አሉታዊውን አርቡ፣
አልቻልኩም፣ አልቻልሽም፣ አልቻለችም፣ እስከ መጨረሻው።
ሌሎቹ አጎንብሰው ጻፉ።
ሙፊዳ እስክሪብቶዋን ‹አል› ላይ አቆመችው፣
ከዚያ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች፤
ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል ፈረቃዋ።